አፈሬን መልስልኝ

ስርቆት ዓይነቱ ብዙ ነው። በግ የሚሰርቅ አለ፤ ጨለማ ይጠብቃል፣ ውሻ ያባብላል፣ ይለፋል። የሰው ድካም የሚሰርቅ ደግሞ አለ፤ እሱ በጠራራ ፀሐይ ይሠራል፣ ይጨበጨብለታልም። ይህን ከማን ተማርክ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ከጠየቃችሁኝማ፣ ክረምት ከበጋ ገደል ለገደል ዞሬ ያዘጋጀሁት የላስታ የአፈር ጥበቃ ዕቅድ በአለቃዬ ስም ተጠርዞ፣ እሱን ለትምህርት ባሕር ማዶ ሲያሻግር እኔን ላሊበላ ከነመለኪያ ገመዴ አስቀርቶኛል። ቂም አልያዝኩም። ጠዋት ጠዋት ብቻ ትዝ ይለኛል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ተኝቶ የሚሰርቅ ነው። አያ ደሳለ እንደዚያ ነበሩ።

አያ ደሳለ ከአሸተን ማርያም ግርጌ ያርሳሉ። ከእሳቸው በላይ ባላቸው የሞቱባቸው የእትዬ ጠጄ ማሳ አለ። በየክረምቱ ጎርፉ የእትዬ ጠጄን አፈር ጠርጎ አያ ደሳለ ማሳ ላይ ያራግፈዋል። እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝናቡን ይመርቃሉ፤ ገብሳቸው ደረት ይደርሳል። የእትዬ ጠጄ ገብስ ግን ከድንጋይ ጋር ሲታገል ከቁርጭምጭሚት ሳያልፍ ይቀራል። ጥቂት ክረምት ቢጨመር የሚያርሱት አለት ነበር።

ስለዚህ እትዬ ጠጄ በገበሬ ማኅበሩ የፍርድ ሸንጎ ክስ መሠረቱ። ክሱ አጭር ነው፤ አፈሬን ይመልስልኝ። ሸንጎው ሳቀ። አያ ደሳለም ፈገግ ብለው፣

«ጎርፉን ክሰሺዋ፤ እኔ መች መጥቼ ወሰድሁብሽ?» አሉ።

«ጎርፉማ ቤት የለው» አሉ እትዬ ጠጄ። «ሌባው እሱ፣ ተቀባዩ አንተ።»

ሳቁ ቆመ። ዳኞቹ ተያዩ፤ እንደ ማንኛውም የጨነቀው ዳኛም ነገሩን ወደ ባለሙያ መሩት። ባለሙያው እኔ ነኝ።

መድኃኒቱ በሁለቱ ማሳ መካከል የድንጋይ እርከን መካብ ነበር። ይህንን በየስብሰባው አስተምሬያለሁ፤ ሰው ያጨበጭብልኛል እንጂ ድንጋይ የሚያነሳ የለም። ያም ሆኖ ችካልና ገመድ ይዤ ወጣሁ። የተዳፋቱን እኩል ከፍታ በውኃ ልክ እየለካሁ ስዘረጋው ገመዱ ከድንበሩ ትንሽ ሽቅብ ብሎ በእትዬ ጠጄ ማሳ ውስጥ አለፈ።

እዚህ ላይ ዘመኑን አስቡልኝ። በደርግ ጊዜ ገበሬ ማሳ ላይ ገመድ ከተዘረጋ ትርጉሙ አንድ ነው፤ መሬት እንደገና ሊደለደል ነው። አያ ደሳለ ገመዱን አዩ፤ ወደ ላይ ማለፉንም አዩ፤ ስለዚህ ፍርዱ ለእሳቸው ወጥቶ ከጎረቤታቸው ላይ ቁራሽ መሬት የተጨመረላቸው መሰላቸው። አዲስ ድንበር ደግሞ ሹም ሐሳቡን ሳይለውጥ በድንጋይ መጽናት አለበት። በማግስቱ ጂጌ ጠሩ። የአካባቢው ጎልማሳ ሁሉ ወጥቶ እየዘፈነ ተሸከመ፣ እየጨፈረ ካበ። ለበዓል የጠመቁትን ጠላ አውጥተው ጂጌውን ያጠጡት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? እትዬ ጠጄ።

ጠጋ ብዬ፣ «እትዬ፣ አያ ደሳለ እኮ መሬትዎን የወሰዱ መስሏቸው ነው» አልኳቸው።

«ካቡ እስኪያልቅ ዝም በል ልጄ። ጠባብ አፈር ከሰፊ አለት ይሻላል።»

ዝም አልኩ። ዝም ማለት መቼም የመንግሥት ሠራተኛ ሙያ ነው።

ክረምት ገባ። ጎርፉ እንደ ልማዱ አፈር ተሸክሞ መጣ፤ ካቡ ጋ ሲደርስ ሸክሙን አራግፎ ባዶ እጁን ወረደ። አያ ደሳለ የነቁት መስከረም ላይ ነው። እንዳያፈርሱት ድንበር ነው፤ በአገር ፊት በገዛ እጅ የተከሉትን ድንበር መንቀል በላስታ እስከ ልጅ ልጅ ያስረግማል። የእትዬ ጠጄ ገብስ በዚያ ዓመት ጉልበት አለፈ።

ከአጨዳ በኋላ አያ ደሳለ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። እሳቸው ግን ግራ ቀኝ አይተው፣

«ያንን ገመድ ከማሳዬ ግርጌም ትዘረጋልኝ እንደሆን ብዬ ነው» አሉ። «ከላይ የሚመጣው ቀረ፤ የእኔው ግን መውረዱን አልተወም። ከበታቼ ያለው ሰውዬ በእኔ አፈር እየወፈረ ነው።»

እዘረጋለሁ አልኳቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ስትዘረጋት ታዲያ ትንሽ ወደ እሱ ሳብ አድርጋት።»

ውኃ ልክ የማንም ዘመድ አይደለም ብዬ ላስረዳቸው ስል፣ የእትዬ ጠጄ «ካቡ እስኪያልቅ» ትዝ አለኝ።

«ሳብ እናደርጋታለን፣ አያ ደሳለ።»

ጂጌ ሊጠሩ እየተቻኮሉ ወረዱ።