ከፊት ጥርስ ኋላ ያለችው

(የልብስ ስፌት ቤት፣ ረፋድ ላይ። ጠረጴዛው ላይ አንድ እጅጌ ብቻ የተገጠመለት የሙሽራ ኮት ተዘርግቷል። ሰፊው በሰፈሩ ጋሽ ሜትር ይባላል፤ ሜትር ከአንገቱ፣ ምክር ከአፉ ተለይቶት አያውቅም። ልብስ የሚተኩሰው የሚስቱ ወንድም ደግሞ ካውያ ነው፤ እስኪግል ጊዜ ይፈልጋል። ጋሽ ሜትር ከነጋ ክር አልነካም፤ ምላሱ ብቻ አፉ ውስጥ ትመላለሳለች።)

ጋሽ ሜትር፦ የአንድ ሰው ዕድሜ ተዘርግቶ ቢለካ ስንት ሜትር ይወጣዋል?

ካውያ፦ ለስፌት የሚታጠፈውን ጨምሮ ነው?

ጋሽ ሜትር፦ የፍልስፍና ጥያቄ ነው፣ አንተ!

ካውያ፦ የኔ ግን የእጅጌ ጥያቄ ነው፣ ጋሼ። ሙሽራው ደጅ ቆሟል።

ጋሽ ሜትር፦ ለሞት የተቃረበ ሰው እጅጌ አይገጥምም።

ካውያ፦ ውይ! ሙሽራው ሊሞት ነው?

ጋሽ ሜትር፦ እኔ ነኝ! (አፉን ይከፍታል) ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች ኋላ፣ መሐል ላይ። ዛሬ ጥርሴን ስፍቅ አገኘኋት።

ካውያ፦ (አንገቱን አስግጎ) የስንዴ ፍሬ የምታክል እብጠት። ታምማለች?

ጋሽ ሜትር፦ አለማመሟ አይደል የሚያስፈራው! የሚያም ነገር ሐቀኛ ነው፤ መጣሁ ይላል። ዝም ያለ ነገር ነው የሚገድል።

ካውያ፦ ያቺ ጥግ ያለችው የስፌት መኪናችንም ዝም ካለች ሁለት ዓመቷ ነው። ማንንም አልገደለችም።

ጋሽ ሜትር፦ ሠላሳ ዓመት ስፒል በከንፈሬ ይዤ ሰፍቻለሁ። አንዷን ሳላውቅ ውጬአት፣ አሁን መውጫ እየፈለገች ነው።

ካውያ፦ ሐኪም ይያት በላ።

ጋሽ ሜትር፦ ሐኪም ስለ ስፒል ምን ያውቃል?

ካውያ፦ (በምላሱ አፉን ሲያስስ ቆይቶ) ጋሼ... እኔም አለችኝ።

ጋሽ ሜትር፦ (ከወንበሩ ብድግ ብሎ) ተላላፊ ናት! በአንድ ኩባያ እየጠጣን ፈጀሁህ! መቀሴን ላወርስህ ነበር፤ ጭራሽ ወራሹም ሊቀድመኝ ነው። እህትህን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ካውያ፦ የኔዋ ግን ከልጅነቴም ነበረች። (ይደነግጣል) ያስያዝኩህ እኔ ነኛ! ይቅር በለኝ፣ ጋሼ!

ጋሽ ሜትር፦ (ዓይኑ እንባ አቅርሮ) ይቅር ብዬሃለሁ። ሂድና ኮቱ ነገ ይደርሳል በለው። ስለዚህ ነገር ግን ለማንም እንዳትተነፍስ።

(ካውያ ይወጣል። ጋሽ ሜትር ብቻውን ሆኖ መቀሱን በጨርቅ ይወለውላል፤ ለመጨረሻ ጊዜ ይመስለዋል። ካውያ ይመለሳል።)

ካውያ፦ ሙሽራውም አለችው።

ጋሽ ሜትር፦ ነገርከው?!

ካውያ፦ ኧረ ምን በወጣኝ! ጋሼ በዚህች ሊሞት ነው ከማለት በቀር ቃል አልተነፈስኩም። ጫማ ሰፊውም አለችው። ቀሚሷን ልትወስድ የመጣችው የጥርስ ሐኪምም አለቻት፤ እንዲያውም ሳቀችብኝ። «ከሁሉም ሰው ጋር የተፈጠረች ናት፤ የሌለው ሰው ካገኘህ እሱን አምጣልኝ» አለች።

(ጋሽ ሜትር ቀስ ብሎ ይቀመጣል።)

ጋሽ ሜትር፦ ስንት ዓመቴ ነው?

ካውያ፦ ሃምሳ ስምንት።

ጋሽ ሜትር፦ የአገሩን ወገብ ስለካ ኖሬ፣ የገዛ አፌን ዛሬ አየሁት። (ክር በመርፌ ያስገባል) እጅጌውን አምጣ። አደራህን፣ ወንድሜ፣ ቢያንስ እስከ ምሳ ሰዓት ማንም አይስማብኝ።

(ካውያ ቃል ለመግባት አፉን ሲከፍት መስኮቱ ይንኳኳል። ውጭ ሙሽራው፣ ጫማ ሰፊውና ሌሎች አምስት ሰዎች ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ተሰልፈዋል። ከኋላቸው የጋሽ ሜትር ሚስት በሩጫ ትደርሳለች።)

ሚስት፦ የኔም ተገኘች! ሁላችንም አንድ ላይ ነው እንዴ የምንሞተው?