ለዋናተኛው ዋስ የሆንኩ ዕለት

ሰው የሚኖርበትን ከተማ አለማወቁ የሚጋለጠው እንግዳ ሲመጣበት ነው። ትስማማላችሁ? ባትስማሙም እቀጥላለሁ። ኦስሎ ሠላሳ ዓመት ስኖር፣ ግሮሩድ ካለው ቤቴ ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ከመመላለስ በቀር ያየሁት የለም። ታላቅ እህቴ እትዬ ዘነበች ከደሴ ስትመጣ ግን ድንጋዩን ሁሉ በስሙ እንደምጠራ ፎክሬ፣ በጥር ብርድ በእግር ላስጎብኝሽ ብዬ በጠዋት ይዣት ወጣሁ። ብርዱን አትጠይቁኝ፤ ጥላዬ እንኳ እምቢ ብሎኝ ቤት ቀርቷል።

ወንዙን ተከትለን ቁልቁል ወርደን፣ ባሕሩ በፎቆቹ መካከል እንደ ቦይ እየተጠማዘዘ የሚገባበት ሰፈር ደረስን። እዚያ፣ ከእንጨቱ መረማመጃ ጫፍ፣ አንድ ኖርዌጃዊ ሽማግሌ በቁምጣ ብቻ ቆሟል። ልብሱን አጣጥፎ፣ ሰዓቱን ጫማው ውስጥ አስቀምጦ፣ ውኃውን ትክ ብሎ ያያል። በአካባቢው ማንም የለም።

"ይሄ ሰው ሊሞት ነው!" አለች እህቴ።

"ኧረ ሊዋኝ ነው፣ እትዬ..." ሳልጨርስ ደርሳ ክንዱን በሁለት እጇ ጨመደደችው። "በእመቤቴ ገዝቼሃለሁ! እንዳትገባ!" ሰውየው ደንግጦ ሲወራጭ፣ እንጨቱ በረዶ ለብሷልና ሁለቱም ተንሸራተው ጫፉ ላይ ቆሙ። እህቴ ዋና አታውቅም። እኔም አላውቅም። ካፖርቷን ከኋላ ጨብጬ ያዝኩ።

"ምን ፈልጋ ነው?" አለኝ ሰውየው በኖርዌጅኛ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

"እንዳትሞት።"

"በየማለዳው እዚህ የምዋኝ ሰው ነኝ!"

ተረጎምኩላት። "ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው" አለች፤ "ዋስ ይጥራ።"

ዋስ! ጎረቤት ከጎረቤት ሰላም በማይባባልበት አገር፣ ራቁቱን የቆመ ሰው ከየት አባቱ ዋስ ያመጣል? እጇ ግን አልላላም፤ እግሯም ወደ ውኃው እየተንሸራተተ ነው። "እኔ ዋሱ!" ብዬ ጮህኩ። "ካልወጣ እኔን ጠይቂኝ!" ያኔ ለቀቀችው።

ሰውየው ገባ። ሰጠመ። ውኃው በላዩ ተዘጋ። በእኔ ቆጠራ አንድ ዘመን አለፈ፤ ሁለት ጊዜ አረጀሁ። እህቴ ውኃውን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው።

በመጨረሻ አንድ የቀላ ራስ ብቅ አለ። እህቴ ፎጣውን አንስታ፣ "የማትረባ!" እያለች ጀርባውን ስታሸው፣ እንደ ሕፃን ጸጥ ብሎ ታሸ። ሲለባብስ ቀስ ብሎ፣ "ሚስቴ ከሞተች ወዲህ፣ መውጣቴን ቆሞ ያየ ሰው የለም" አለኝ። ይህን አልተረጎምኩላትም። ብተረጉም ኖሮ ደሴ አትመለስም ነበር።

ተመልሳም አልተወችኝም። በየማለዳው ትደውላለች፤ ደህና አደርክ ሳትል፣ "ሰውየው ወጣ?" ትለኛለች። መጀመሪያ ሰሞን ከአልጋዬ ሳልነሳ "አዎ፣ ወጥቷል" እል ነበር። እንደ እኔ ውሸት ለለመደ ሰው ይህቺ ልትከብደው አይገባም። ምን ላድርግ፣ ከበደችኝ። አሁን በማለዳ ባቡር ወርጄ፣ መረማመጃው ላይ ፎጣውን ይዤለት ቆሜ ነው ስልኩን የማነሳው።