ውሃው የሰመጠበት ዋሻ

[ሰዎቹ፦ መሪው፣ መኪና መንዳት የሚያስተምር፣ ተማሪ ማሳለፍ ሞት የሚመስለው ጎልማሳ። ሶፋው፣ ሶፋ ሰሪ፣ ነገር ቶሎ የማይገባው፣ የመሪውን እህት ለማግባት ደጅ የሚጠና። ቦታው ወደ ዋሻ የሚወስድ ቀጭን የእግር መንገድ ነው። ሶፋው ከፊት፣ መሪው ከኋላ።]

መሪው፦ ቀኝህን ይዘህ ሂድ አልኩህ እኮ!

ሶፋው፦ ጋሼ፣ መንገዱ የፍየል ነው። ቀኝም ግራም የለው፤ ስፋቱ ራሱ ጫማዬን አያህልም።

መሪው፦ ሕግ ሕግ ነው! ከፊት ለፊት የሚመጣ ቢኖርስ?

ሶፋው፦ ማን?

መሪው፦ ሰው ነዋ!

ሶፋው፦ ከመጣማ ሰላም እለዋለሁ።

መሪው፦ [ለራሱ] አይ እህቴ! ምኑን አይተሽ ነው ካላገባሁት እህል አልቀምስም ያልሽው?

ሶፋው፦ ምን አሉኝ?

መሪው፦ ፍጥነት ቀንስ አልኩህ።

ሶፋው፦ ቆሜያለሁ እኮ ጋሼ።

መሪው፦ ስትቆምም አታምርም!

[ሶፋው መራመድ ሲጀምር መሪው በቀኝ እግሩ መሬቱን እርግጥ ያደርጋል።]

ሶፋው፦ ምን ረገጡ? ጊንጥ ነው?

መሪው፦ ፍሬን ነው።

ሶፋው፦ የታለ?

መሪው፦ በእኔ በኩል! ከስንቱ ደንቆሮ ጎን ተቀምጬ ስረግጥ ኖሬ፣ እግሬ ለምዶበት ቀረ። አንተ ደግሞ ከሁሉም ትብሳለህ። ያለ ፍሬን ተወልደህ ያለ መስታወት ያደግህ!

ሶፋው፦ እግዜር ይስጥልኝ።

መሪው፦ ስድብ ነው እኮ!

ሶፋው፦ ገብቶኛል። ከሚስቴ ወንድም አፍ የወጣ ነው ብዬ ነው።

መሪው፦ ሚስቴ? ማን ፈቀደልህ? እናቴ «ታላቅ ወንድሟ እሺ ካለ ብቻ» ብላ ቁርጡን ነግራሃለች። እኔ ደግሞ ያልፈተንኩትን አላሳልፍም። ዋሻው ገብተህ፣ ውሃውን ተሻግረህ፣ ሳትንቀጠቀጥ ከወጣህ እናያለን። ከፈራህ ግን ወደ ስፖንጅህ!

ሶፋው፦ ብወድቅስ? ድጋሚ መፈተን አለ?

መሪው፦ የለም!

ሶፋው፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] እሷን ካጣሁ ምን ይውጠኛል ጋሼ? ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ ሶፋ ሠርቼ ቤቴ አስቀምጫለሁ። ስንቱ ለመነኝ፣ እንቢ አልኩ። ከእሷ ጋር እስክንቀመጥበት ላስቲኩን እንኳ አልገፈፍኩትም።

መሪው፦ ሽጠው።

[የዋሻው አፍ ይደርሳሉ። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ያላቸው አንድ ባትሪ በመሪው እጅ ነው።]

ሶፋው፦ እንግዲህ ይቅደሙ፤ ብርሃኑ እርስዎ ጋ ነው።

መሪው፦ አስተማሪ ከተማሪ ቀድሞ ያውቃል? ግባ! እኔ ከኋላህ አዝዝሃለሁ።

ሶፋው፦ ቦታውን ያውቁታል ግን?

መሪው፦ እንደ እጄ መዳፍ!

ሶፋው፦ ገብተው?

መሪው፦ ሰምቼ! አንተ ሺህ ጊዜ ገብተህ ከምታውቀው እኔ አንዴ ሰምቼ የማውቀው ይበልጣል። ጥርት ያለ፣ ንቅንቅ የማይል ውሃ አለበት። አሁን ታየዋለህ።

[ይገባሉ። ጥቂት እንደሄዱ ዋሻው ይሰፋል። የባትሪው ብርሃን ከእግራቸው ፊት ሲያርፍ መጨረሻው የማይታይ ገደል! ከሥሩ ሹል ሹል ድንጋዮች ወደ ላይ ተገትረዋል።]

መሪው፦ ፍሬን! ፍሬን! ኧረ ፍሬን!

ሶፋው፦ ውይ! ገደል ነው እንዴ?

መሪው፦ ንቅንቅ እንዳትል!

ሶፋው፦ ውሃውስ የታለ?

መሪው፦ ሰምጧል!

ሶፋው፦ ውሃ ይሰምጣል?

መሪው፦ መሬት ተከፍታ ዋጠችው! ሳይንስ ነው፤ ላንተ አይገባህም። [ጀርባውን ከግድግዳው ይለጥፋል] ኧረ እናቴ፣ ድረሺልኝ!

ሶፋው፦ በመጣንበት እንመለሳ። ዞር ይበሉና...

መሪው፦ መዞር አልችልም! እግሬ ፍሬኑን ረግጦ ቀረ! አልነሳ አለኝ!

[መሪው ዐይኑን ይጨፍናል። ባትሪውን ግን ወደ ገደሉ እንዳበራ ነው። ከጣራው አንዲት ጠብታ «ጠብ» ትላለች። ገደሉ በሞላ ይርገበገባል፤ ሹል ድንጋዮቹ ይወዛወዛሉ። ሶፋው አፉን ከፍቶ ያያል። ሌላ ጠብታ። ጎንበስ ብሎ ጣቱን ገደሉ ውስጥ ይነክራል፤ ጣቱ ረጥቦ ይወጣል። ቀና ብሎ ከጣራው የተንጠለጠሉትን ድንጋዮች ያያል፤ ገደሉን ያያል፤ ጣራውን ደግሞ ያያል። ቀስ እያለ ይገባዋል። በመጨረሻ የመሪውን ፊት ያያል።]

ሶፋው፦ ጋሼ።

መሪው፦ እ?

ሶፋው፦ አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር።

መሪው፦ አትናገር! ድምፅ ድንጋይ ይንዳል!

ሶፋው፦ እሺ።

[ሶፋው እርጥብ ጣቱን በሱሪው ይጠርጋል።]

መሪው፦ ምነው ዝም አልክ? ወደቅህ?

ሶፋው፦ አለሁ።

መሪው፦ በሞቴ፣ እጅህን ስጠኝ!

ሶፋው፦ እንዴት አድርጌ? እዚህ አፋፍ ላይ እጄን ለባዳ አልሰጥም። ይዞኝ ቢወርድስ? ለሚስቴ ወንድም ቢሆን ግን ሌላ ነገር ነበር።

መሪው፦ ውሰዳት!

ሶፋው፦ ማንን?

መሪው፦ እህቴን ነዋ፣ አንተ ደደብ!

ሶፋው፦ ደደብ ባይጨመርበት።

መሪው፦ እህቴን ውሰዳት፣ አንተ ወንድሜ!

ሶፋው፦ በፍላጎትዎ ነው?

መሪው፦ እናቴ ትሙት፣ በፍላጎቴ! ፈቅጃለሁ! አልፈሃል! ከእጄ እንዳንተ ያለፈ የለም!

ሶፋው፦ ዕድሜ ይስጥልኝ ጋሼ።

[ቁጭ ብሎ ጫማውን ያወልቃል። ሱሪውን ይጠቀልላል። መሪው አንድ ዐይኑን ይገልጣል።]

መሪው፦ ምን ልትሆን ነው?

ሶፋው፦ ልሻገር።

መሪው፦ ጉድ ፈላ! ደስታው አሳበደው! ኧረ ሙሽራው ገደል ሊገባ ነው!

[ሶፋው ገደሉ ውስጥ ይገባል። «ጮብ» ይላል። ውሃው ቁርጭምጭሚቱን እንኳ አይሸፍንም። መሃል ላይ ቆሞ ፊቱን ይታጠባል። መሪው የባትሪውን ብርሃን በሶፋው እግር ላይ ያሳርፋል።]

መሪው፦ ውሃ ነው?

ሶፋው፦ ውሃ ነው። ታች የሚታየው ጣራው ነው።

መሪው፦ መቼ አወቅህ?

ሶፋው፦ ቆየሁ እንኳ።

መሪው፦ አንተ እባብ! ሞኝ ነው ስል...

ሶፋው፦ ሞኝማ ነኝ። ቢቸግረኝ ነው እንጂ።

መሪው፦ ቃሌን አንስቻለሁ! አስፈራርቶ የተወሰደ ፈቃድ አይጸናም! አሁኑኑ ሄጄ ለእናቴ እነግራታለሁ!

ሶፋው፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሲባል አልሰሙም?

መሪው፦ እነግራታለሁ! ለእሷም፣ ለእህቴም፣ ለሰፈሩም!

ሶፋው፦ ይንገሩ እንጂ፣ ማን ከለከለዎ። ምን ብለው ነው የሚነግሯቸው?

መሪው፦ እንዲህ ብዬ ነዋ! ዋሻው ገባን። እኔ... ግድግዳውን ይዤ... እሱ ደግሞ እጁን... ውሃው እዚህች ድረስ...

[ጎንበስ ብሎ ቁርጭምጭሚቱን ያሳያል፤ እጁ እዚያው ይቀራል።]

ሶፋው፦ እሺ፣ ከዚያስ?

[መሪው ከግድግዳው ይላቀቃል። ኮቱን ያራግፋል። ጉሮሮውን ይጠርጋል።]

መሪው፦ ሰርጉን ለመቼ አሰባችሁ?