ግማሹ ለሮቤ፣ ግማሹ ለጎባ

ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ማንም አይጽፈውም። እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ከሮቤ ጎባ በሚመላለሰው ሚኒባስ ውስጥ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ «በግ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ግን የለም። ለዚህም ነው ባለፈው ሳምንት ከአንድ ሙክት ጋር ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፌ ጎባ የገባሁት። ረዳቱን ብጠይቀው «ሒሳቡ ተከፍሎለታል» አለኝ። እውነቱን ነው። ክልክል ነው ካልተባለ በጉም ተሳፋሪ ነው።

ይህን የምላችሁ እኔም ደንብ ጽፌ ስለማውቅ ነው። ሥራዬ ሮቤ ውስጥ ሞባይል መጠገን ነው። የእግር ኳስ ሕግ ግን ማንም ሳያስተምረኝ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ከስልክ ላይ እያነበብኩ፣ ከዳር እስከ ዳር ተምሬዋለሁ። ከጨዋታ ውጪ ማለት ምን እንደሆነ በሦስት የሻይ ብርጭቆና በአንድ የስኳር ዕቃ ማስረዳት እችላለሁ፤ ለመጠየቅ ያላሰቡ ሰዎች ሳይቀሩ ይመሰክሩልኛል። እናም በአካባቢያችን የከተሞች ዋንጫ ሲዘጋጅ ደንቡን እንድጽፍ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። አርባ አንድ አንቀጽ ጻፍኩ። የማዕዘን ባንዲራ ቁመት አለበት። ላም ሜዳ ብትገባ ጨዋታው ከየት እንደሚቀጥል አለበት። አንድ ተጫዋች ለሁለት ቡድን መጫወት አይችልም የሚለው ብቻ የለበትም። ማን ይጽፈዋል? ሰው ሁሉ ያውቀዋላ!

ጀማል አላወቀም። ወይም አውቆ ዝም አለ።

ጀማል የሃያ ዓመት አጥቂ ነው። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ሮቤ፣ እኛ ሰፈር ነው፤ እናቱ ግን የጎባ ልጅ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሮቤ ይጫወታል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ዘመድ ልጠይቅ ብሎ ጎባ ይሄዳል። ዘመድ ጥየቃው ግን በታኬታ ነው። የጎባ አሰልጣኝ የእናቱ ወንድም ኦቦ ከማል ናቸው፤ ያስመዘገቡትም እሳቸው ናቸው። ምድቡ ሌላ፣ ቀኑ ሌላ፣ ሜዳው ሌላ ስለነበረ ብዙ ሰው ልብ አላለም፤ ልብ ያለውም «ልጅ ነው፣ ይጫወት» ብሎ አለፈው። እኔ የሰማሁ ቀን ግን ሱቄን ዘግቼ ሄጄ ጮህኩበት።

«በሳምንት አንድ ጨዋታ ለአጥቂ አይበቃውም» አለኝ፣ ከታኬታው ጭቃ እያራገፈ። «እኔ ትልቅ ክለብ መግባት ነው የምፈልገው። አንተስ ያንን ሁሉ ስልክ ፈታተህ ባታበላሽ ኖሮ ዛሬ መጠገን ትችል ነበር?»

ንግግሬን ሳልጨርስ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ይህ በእኔ ላይ ብዙ ጊዜ አይደርስም።

ከዚያ የፈራሁት ደረሰ፤ ሮቤና ጎባ ለፍጻሜ አለፉ። በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ካለ አንድ ክለብ ተጫዋች መልማይ፣ ማለትም አገር ላገር እየዞረ ተጫዋች የሚመርጥ ሰው፣ ጀማልን ለማየት እንደሚመጣ ተሰማ። ቅዳሜ አይቶት እሁድ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ወደ እኛ ተራራ ማን ተመልሶ ይወጣል? የሮቤው አሰልጣኝ ጋሽ ተፈራ፣ ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር፣ «ልጁ ለጎባ ከተሰለፈ ሜዳ አንገባም» አሉ። ኦቦ ከማል ደግሞ «የእህቴ ልጅ ለሮቤ ከተሰለፈ እኛም ቤታችን እንውላለን» አሉ። ሜዳ የሚገባ ከሌለ ጨዋታ የለም፤ ጨዋታ ከሌለ መልማዩ ባዶ ሣር አይቶ ይመለሳል። ደንቡ ተገለጠ። አርባ አንዱም አንቀጽ ዝም አለ። «ይህን የጻፈው ማነው?» ብለው ሲጮሁ እኔም ከሰዉ ጋር ዞር ዞር ብዬ ሰውየውን ፈለግሁት።

«ለሽማግሌ ይሰጥ» ተባለ። የማሳ ድንበርም፣ የተጣላ ባልና ሚስትም፣ የጠፋ በሬም በሽማግሌ በሚያልቅበት አገር ኳስን ምን ልዩ ያደርገዋል? ኦቦ አደም ከሲናና መጡ። የስንዴ ገበሬ ናቸው፤ በዕድሜያቸው አንድም ጨዋታ አይተው አያውቁም። ላስረዳቸው ብድግ ስል በከዘራቸው ጫፍ መልሰው አስቀመጡኝ።

«ልጁ የማነው?»

«የእኛ!» አሉ ሁለቱም አሰልጣኞች እኩል።

«መልካም። ይሄ ጨዋታ ምን ያህል ይፈጃል?»

«ዘጠና ደቂቃ» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«ሳያርፉ?»

«ኧረ መሀል ላይ ያርፋሉ።»

«ታዲያ ምን ያጨቃጭቃችኋል?» አሉ ኦቦ አደም፣ ከሲናና ድረስ ለዚህ መምጣታቸው እያናደዳቸው። «እስከ ዕረፍት ለአባቱ አገር፣ ከዕረፍት በኋላ ለእናቱ አገር ይጫወት። ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

«ዘጠናውንም ካጫወታችሁኝ ቶሌ አባ፣ እሺ» አለ ጀማል።

በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ ከዘራውን አየሁ፤ ዘጋሁት።

ፍጻሜው ከሁለቱም ሜዳ እንዲርቅ ተብሎ ዲንሾ ላይ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ከጀማል አጠገብ ተቀምጬ በጆሮው መከርኩት። «ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ቀስ በል። ሰኞ ከሰው ጋር የምትተያየው ሮቤ ነው፤ የምትኖረውም ሮቤ ነው።»

«መልማዩ ከዕረፍት በኋላ ዓይኑን ይጨፍናል?» አለኝ።

የዲንሾ ብርድ አጥንት ይፈልጋል። ከሜዳው ማዶ ከርከሮዎች ተንበርክከው ሣር ይግጣሉ፤ እኛ ደግሞ ጋቢያችንን ተከናንበን እንዘፍናለን። ገና ብዙ ሳይቆይ ጀማል ከሁለት የጎባ ተከላካዮች በላይ ተነሥቶ በጭንቅላቱ አገባ። የማላውቀውን ሰው አቅፌ ሳምኩ። ዕረፍት ሆነ። ጀማል መሀል ሜዳ ላይ የሮቤን ማልያ አወለቀ፤ ጋሽ ተፈራ ተቀብለው የሟች ልብስ ይመስል በጥንቃቄ አጣጠፉት። ኦቦ ከማል ሌላውን አለበሱት።

መጀመሪያ «ቀስ በል ጀማሌ!» የምንለው በቀልድ ነበር። ቀስ አላለም። የእኛ ተከላካዮች፣ ቅድም ኳስ ሲያቀብሉት የነበሩት፣ ቁርጭምጭሚቱን ይመቱታል፤ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ኳስ ስጡኝ ይላል። ወደ መጨረሻው ሁለቱን አልፎ ከበረኛችን ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። በረኛችን አብሮ አደጉ ነው። በግራው በኩል አስገባበት።

«ከሃዲ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ማን ነው ብዬ ዞርኩ። እኔው ነበርኩ።

አንድ ለአንድ አለቀ። ቀጥሎ የፍጹም ቅጣት ምት ነው። ፍርዱ ደግሞ ስለዚህ ምንም አይልም። ኦቦ አደም ጋቢያቸውን ተጠቅልለው ከተቀመጡበት ተጠሩ።

«አሁንም አልጨረሳችሁም?» አሉ። «ለየቤቱ አንድ አንድ ይምታ። እኔም ወደ ቤቴ ልሂድ፣ በረደኝ።»

ጀማል ለሮቤ መታ፤ ገባ። ማልያ ቀይሮ ለጎባ መጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ሜዳው ጉም ወርዶበት ረጥቧል። በዚያ ሣር ላይ እግሩ ትንሽ ቢንሸራተት ማንም «ሆን ብለህ ነው» አይለውም፤ እኛም በትከሻችን ተሸክመነው እንገባ ነበር። እኔ ራሴ በሆዴ «ተንሸራተት፣ ወንድሜ፣ ተንሸራተት» እያልኩ ነበር። ጀማል ኳሷን አስቀመጠ፤ የቆመበትን ሣር በታኬታው ረገጥ ረገጥ አድርጎ አደላደለ፤ ላይኛው ጥግ ላይ ተከላት። የእኛ የመጨረሻ መቺ ደግሞ ኳሷን ከጎሉ በላይ ሰድዶ ከርከሮዎቹን በተናቸው። ዋንጫው ጎባ ገባ።

መልማዩ ደብተሩን ከመዝጋቱ ሁለቱም ወገን ከበቡት።

«የመጀመሪያዋን አዩልኝ? የሮቤ ሥራ ናት!» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«ሁለተኛዋንስ ማን ሠራት?» አሉ ኦቦ ከማል።

ሰውየው ሁለቱንም ሰማና «ለሰፈሩ የሚያገባ ልጅ በሄድኩበት ሁሉ አለ» አለ። «ሰፈሩ እየሰደበው ሰፈሩ ላይ የሚያገባ ነው ያጣሁት። ክለባችን ነገ ሊሸጠው፣ ከነገ ወዲያ ተቃራኒያችን ሊሆን ይችላል። ፕሮፌሽናል ማለት ይሄ ነው።»

ቃሉን እኔም አውቀው ነበር፤ ሜዳ ላይ ግን በሌላ ስም ነው የጠራሁት።

ጀማል ሄደ፣ ተፈተነ፣ ፈረመ። በዚያ ሳምንት ሮቤ «የሮቤ ልጅ» ብላ ባነር ሰቀለች፤ ጎባ ከእኛ አንድ ሜትር የሚረዝም «የጎባ ልጅ» የሚል ሰቀለች። አሁን ግን የውድድሩ ዓመት ሊጋመስ ነው፤ ጀማል ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው። የተጫወታቸው ደቂቃዎች በጣት ይቆጠራሉ። ሰሞኑን ሱቄ ውስጥ ስልክ ሊያሠራ የመጣ ሁሉ «ድሮስ የጎባ ልጅ አይደል!» ይለኛል። ጎባ ሄጄ ኦቦ ከማልን አገኘሁና ስለሱ ስጠይቃቸው በረጅሙ ተነፈሱ። «ምን ይደረግ» አሉኝ፣ «ሮቤ ነው ያደገው።»

ይህን ለጀማል ማስረዳት እንዳለብኝ ስለተሰማኝ ደወልኩለት። ማኅበረሰቡን፣ ሥነ ልቦናውን፣ ታሪካዊ ዳራውን ሁሉ ተነተንኩለት።

«ጨረስክ?» አለኝ።

«ገና ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነኝ።»

«ጎል ሳገባ ተመልሰው ይካፈሉኛል። አሁን ልዘጋብህ ነው፤ ቡድኑ ልምምድ ጨርሶ ወጥቷል፣ እኔ ሃያ ኳስ ልመታ ነው የቀረሁት።»

ስልኩን ሳይዘጋ ሣሩ ላይ ወረወረው መሰለኝ፣ ኳስ ስትመታ ሰማሁ። ገብታ ይሆን? ከሮቤ ሆኜ ያንን ማስረዳት አልችልም። ሁለተኛዋም ተመታች።