ጋሽ ሻዕባን ያልረገጡት ወሰን

በአሶሳ ቤቱን ከነይዞታው የሚሸጥ ሰው ሁሉ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ ገዥ፣ ካርታ፣ እና ወሰኑን በእግራቸው የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ። ካርታው ጠፍቶበት የሸጠ ሰው አለ። ሽማግሌውን ሳይዝ የሸጠ ግን እስካሁን አልተገኘም።

በአንዱ ቀበሌ እኚህ ሽማግሌ ክቡር ጋሽ ሻዕባን ናቸው፤ የአጥር ሁሉ ዋና ጸሐፊ፣ የማዕዘን ሁሉ ሊቀ መንበር። ብዕር ይዘው አያውቁም። አማርኛ ካደጉ በኋላ የተማሩት ቋንቋ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላሉ። ምርኩዛቸውን ብብታቸው ስር ሸጉጠው ወሰኑን በእርምጃ ይለካሉ፤ ዛፉ ጋ ሲደርሱ ቆመው ክርክር የሚዘጋውን ቃል ይናገራሉ፦ «እኔ ነበርኩ።» ችካሉ ሲመታ ነበሩ። ማንጎው ሲተከል ነበሩ። አንዴ አንድ ጠበቃ ሊሞግታቸው ቢነሳ «አያትህ አጥሩን ሲገፋ እኔ ነበርኩ» አሉት፤ ጠበቃው ቦርሳውን ዘግቶ በባጃጅ ሄደ።

ስርጉት ደግሞ የፓዌ ሰፋሪዎች ልጅ፣ በዚሁ ቀበሌ የአዲሱ የመሬት መዝገብ ባለሙያ ናት። መዝገቡ ብሎክቼይን ይባላል። ቅጂው በብዙ ኮምፒውተሮች ስለሚቀመጥ አንዱን የሚነካካውን ሌሎቹ ያጋልጡታል፤ የተጻፈበት አይፋቅም፣ ገጹ አይቀደድም። ይህን ለማስረዳት ሁለት ወር ከቤት ቤት ዞራለች። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው። እስከ መጨረሻው አዳምጠው «ጋሽ ሻዕባን ምን አሉ?» ይሏታል።

ይህች ጥያቄ አንጀቷን ታቃጥላታለች። እርሷ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ፣ ሦስት ወር ሥልጠና፤ እርሳቸው አንድ ምርኩዝና ሁለት እግር። ሰው ከባጃጅ ወርዶ ሰላም ሲላቸው ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ይባስ ብሎ በመዝገቡ ያሉት የወሰን ነጥቦች እንኳ የእርሳቸው ናቸው፤ ባለፈው በጋ ቀያሾቹን ከማዕዘን ማዕዘን እየመሩ ያሳዩት እርሳቸው ነበሩ።

ማክሰኞ ዕለት የቀበሌው ነዋሪ ገበየሁ ቤቱን ለኸድራ ሊሸጥ ሆነ። በአዲሱ መዝገብ የሚተላለፍ የመጀመሪያው ይዞታ ነው። ከተሳካ ቀበሌው ስርጉትን ይከተላል፤ ካልተሳካ ድካሟ ሁሉ መና ይቀራል። ጎረቤት ተሰብስቧል።

«ማሽኑን አልጠላሁም» አለች ኸድራ። «ጋሽ ሻዕባን ወሰኑን ይርገጡትና እፈርማለሁ።»

ጋሽ ሻዕባን ረገጡ። ከመንገዱ ተነስተው ወደ ጓሮው ማዕዘን ሄዱ። ቆሙ። ትንሽ ወደ ቀኝ አሉ። ተመለሱ።

«ማንጎው የት ሄደ?»

«ቆረጥኩት፣ ጋሼ» አለ ገበየሁ። «ጉቶውንም ነቅዬ ደለደልኩት። ለገዥ እንዲያምር ብዬ።»

«እኔ ነበርኩ» የሚለው ቃል አልመጣም። ምርኩዙ ከብብታቸው ወጥቶ አፈሩን ይነካካ ጀመር። አንድ ጎረቤት ጉሮሮውን ጠረገ።

ስርጉት ታብሌቷን አየች። ነጥቡ ሽማግሌው ከቆሙበት ስድስት እርምጃ ወደ ግራ ነው። አንድ ቃል ብትናገር ሁለት ወር የለመነችው ቀበሌ ከዛሬ ጀምሮ የእርሷ ነው። ጋሽ ሻዕባንን ግን ከዛሬ በኋላ ማንም ወሰን ርገጡልኝ አይላቸውም። አፏን ከፈተች።

«ኔትወርክ ጠፋ» አለች።

ታብሌቷን ወደ ላይ እያነሳች፣ ኔትወርክ እንደሚፈልግ ሰው፣ ስድስት እርምጃ ወደ ግራ ሄዳ ቆመች። በጫማዋ አፈሩን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች።

ጋሽ ሻዕባን ጫማዋን አዩ። ከዚያም እርሷን።

«እዚያ» አሉ። «ልጁ የቆመበት። እኔ ነበርኩ።»

ኸድራ ፈረመች። ሽማግሌው ያሳዩት ቦታ ከመዝገቡ ነጥብ ጋር ልክ ሆነ። «ታያላችሁ» አለ ገበየሁ፤ «ማሽኑም እንደ ጋሽ ሻዕባን ያውቃል ለካ!» የስርጉት አንጀት እንደገና መቃጠል ጀመረ።

ታብሌቷን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ሽማግሌው አጠገቧ መጡ።

«ነገ የሚሸጠው የጎረቤታችን የምንያህል ቤት ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሱም ዛፍ ቆርጧል። አንተ የት ትቆማለህ?»

ስርጉት ቦርሳዋን ዘጋች።

«ሦስት ሰዓት ላይ ይምጡ፣ ጋሼ። ኔትወርክ የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው።»