ቢጫው ፌስታል

ሙሉ ስማቸው በሰፈሩ አፍ «እትዬ ምን አስበው ነው» ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም፤ አለ የሚል ቢገኝ ጎረቤቶቹን ገና ተዋውቆ አልጨረሰም። ክብርት እትዬ ደግ ሥራ ሲያዩ ግንባራቸው ይቋጠራል። ጎረቤት ሰላምታ ሲያረዝም፣ «ቤት ሊያስጠብቀኝ ነው» ይላሉ፤ ሐኪም ፈገግ ሲል፣ «በሽታው ጠፍቶበታል»። የገዛ ልጃቸው ጫማ ቢገዛላቸው እንኳ ሳጥኑን አገላብጠው፣ «ምን አጥፍተህ ነው?» አሉት።

ስለዚህ ዳቦ ጋጋሪው፣ አትክልት ሻጩና ዘይት አከፋፋዩ ተማክረው፣ የሚበሉት ላጡ ቤተሰቦች ከዳቦ ቤቱ አስቤዛ ማደል ሲጀምሩ፣ ጋጋሪው ከዱቄቱ መወደድ ይልቅ የፈራው የእትዬን መምጣት ነበር። አልቀሩም።

«ምን አስባችሁ ነው?» አሉ ገና ከደጅ።

«ምንም፣ እትዬ። ጎረቤት ተርቦ እንዴት እንደር ብለን ነው።»

«አምናስ እንዴት አደራችሁ?»

ጋጋሪው አንገቱን ደፋ። እትዬ ዳቦውን አሸተቱ፤ ትኩስ ነው። ዘይቱን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት፤ ጥሩ ነው። እንከን ማጣታቸው ክፉኛ አበሳጫቸው። በመጨረሻ ዓይናቸው የአከፋፋዩ ስም በጉልህ ከታተመበት፣ «ለተቸገሩ ወገኖች» ከሚለው ቢጫ ፌስታል ላይ አረፈ።

«የእኔ ዳቦ በነጭ፣ የእነሱ በቢጫ። ለምን?»

«ለመለያ ነዋ።»

«ማን ማንን እንዲለይ?»

ከሥራ የተቀነሰች አንዲት ልብስ ሰፊ ሦስት ልጆች ይዛ ከመንገዱ ማዶ እየኖረች አንድም ቀን አልመጣችም ነበር። ጋጋሪው ኮርታ ነው ብሎ አስቦ ነበር፤ ያን ቢጫ አንጠልጥላ በሰው ፊት መንገድ መሻገሩ እንዳቃታት አሁን ገባው።

በማግስቱ እትዬ ዳቦ ገዙና፣ «በቢጫው አድርግልኝ» አሉ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ለተቸገረ ሰው ነው!»

«በአንተ የተቸገርኩት አይበቃም?»

ቢጫውን እያወዛወዙ ሰፈሩን ዞሩ። ሲመሽ ወሬው እሳቸው ቤት ደርሶ ነበር፦ «እትዬ ቸገራቸው መሰለኝ፤ ልጃቸው ጥሏቸው ይሆን?» ሰውን ሁሉ ሲጠረጥሩ የኖሩት ሴትዮ ተጠርጥረው ውለው አንዲት ቃል አልመለሱም። ይህን የሰማው ጋጋሪ ሲነጋ ቢጫውን ሰብስቦ ሁሉንም በነጭ አደረገ። ልብስ ሰፊዋም ዳቦና ድንች ይዛ፣ እንደማንኛውም ገዢ ቀና ብላ መንገዱን ተሻገረች። ከዚያ ወዲህ ጋጋሪው ለእትዬ ትኩሱን መርጦ ያስቀምጣል፤ መጥተው ሳያዩት እንዳይቀሩም ይሰጋል።

አከፋፋዩ ግን፣ «ስሜ ካልታየ ዘይቴም አይታይም» ብሎ ቀርቷል። ትናንት አማላጅ ላከ፦ ቢጫው ይቅር፤ ስሙ ብቻ በነጩ ፌስታል ግርጌ፣ በትንሹ ይታተም፤ በሚታደለው ፌስታል ላይ ብቻ። ጋጋሪው ነገሩን ለእትዬ ቢያማክር፣ ጥርጣሬያቸውን እንኳ አላወጡትም። «የልብስ ሰፊዋ ልጆች ድንቹን በምን እየበሉት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«በውኃ ቀቅላ ነው የምትሰጣቸው።»

አማላጁ ዛሬ መልስ ይፈልጋል። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ በጋጋሪው ቦታ ቢሆኑ ምን ይሉት ነበር?