እበይዳለሁ እንጂ አልቀጠቅጥም

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የቤታችሁን በር የሠራው ሰው ሽማግሌ ልኮ ልጃችሁን ለልጁ ቢጠይቃችሁ ትሰጡታላችሁ? ቶሎ አትመልሱ። መጀመሪያ በሩን እዩት። በብየዳ የተሠራ የላሜራ በር ከሆነ መቼም ባለሙያው ወርክሾፕ አለው፣ ምናልባትም መኪና አለው፤ «እስቲ ቤተሰብ እናማክር» ትላላችሁ፤ ያም እሺ ማለት ነው። መቀርቀሪያው በመዶሻ የተቀጠቀጠ የድሮ የእንጨት በር ከሆነ ግን መልሳችሁን አውቀዋለሁ። ሳልጠይቃችሁም አውቀው ነበር።

እኔ ከደብረ ታቦር ከወጣሁ በኋላ ዕድሜዬን የጨረስኩት ድሬዳዋ ነው፤ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ክር ከሚፈትሉ መኪኖች መካከል። ከሥራ መልስ አነብ ነበር። ስለ ኢንዱስትሪ አብዮት ተጽፎ እጄ የገባውን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ የሸማኔ መንደር እንዴት ከተማ እንደሚሆን፣ ገበሬ እንዴት ወዛደር እንደሚሆን፣ የእጅ ባለሙያ ልጅ እንዴት ባለ ፋብሪካ እንደሚሆን። መጻሕፍቱ ያልነገሩኝ አንድ ነገር ነበር፦ የባላባት ልጅ የቀጥቃጭን ሥራ ሲወስድ ስሙን ብቻ ለባለቤቱ ትቶለት እንደሚሄድ። ይህን ለማወቅ ወደ አገሬ መመለስ ነበረብኝ።

ከተማዋ አድጋለች። ምላሴ ክፉ መሆኑን የሚያውቅ ሰው እኔ ይህን ስል ሊያምነኝ ይገባል። ጭቃው አስፋልት ሆኗል፣ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፣ ባጃጁ እንደ ንብ ይተማል። እንደነበረ የቀረው ከጉና የሚወርደው ብርድ ብቻ ነው። ሁሉም ቤት ይሠራል፤ ቤት የሚሠራ በር ይፈልጋል፣ በር የሚፈልግ ብረት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ወደ ጋፋት በሚያወጣው መንገድ ዳር የብረታ ብረት ቤቶች ተደርድረው ቀን ሙሉ ሰማያዊ ብልጭታ ሲረጩ ይውላሉ። እናቶች በዚያ ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላቸው ይሸፍናሉ። «አትየው፣ ዓይንህን ያጠፋዋል» ይላሉ። እኔ ልጅ ሳለሁም እናቶች በዚሁ መንገድ ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍኑ ነበር። ያኔ የሚፈራው የአባቴ ዓይን ነበር።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ይሠራል። ፊት ለፊት ሲያገኙት «ጠቢቡ» ይሉታል፣ ዞር ሲሉ «ቡዳው»። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት ይባላል፤ የእኛ ስም ግን የወጣው ከጎረቤት ነው፤ መቀበሉ ነበር ለእኛ የተተወው። ክረምት ሊገባ ሲል ገበሬው ሁሉ ደጃችን ላይ ይሰለፋል፤ ማረሻውን ተቀብሎ፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳስሶ፣ «እጅህ ይባረክ» ብሎ ይሄዳል። እናቴ ያቀረበችለትን ጠላ ግን አይቀምስም። «ጾም ነኝ» ይላል። በበዓለ ሃምሳም ጾመኛ ነበር፤ እንዲህ ያለ የጸና ክርስቲያን ሌላ ቦታ አላየሁም።

ታሪክ ላይ ግን እንወደዳለን። ንጉሡ መድፉን ያሠራው ጋፋት ስለሆነ፣ ስለ ኢንዱስትሪ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የሚናገር ሁሉ ከጋፋት ይጀምራል። መድፉን የሠሩለት የውጭ ሰዎች ስም በደንብ ይጠራል። ወናፉን የነፋው፣ ከሰሉን ያከሰለው ማን ነበር የተባለ ጊዜ ተሰብሳቢው ለሻይ ይወጣል።

ወደ ነገሬ ልምጣ። ወንድሜ ሙላት ትርንጎ የምትባል ልጅ አለችው። ቴክኒክና ሙያ ገብታ ብየዳ ተማረችና ደመላሽ ወርክሾፕ ተቀጠረች። ይህ ደመላሽ ማለት ማረሻቸውን በሎሌ ይልኩ የነበሩ፣ እግራቸው የእኛን ግቢ ረግጦ የማያውቅ የአንድ ትልቅ ሰው ልጅ ነው። መሬቱ በአዋጅ ሄደ። ልጅየው ግን ደርግ ወርዶ፣ ዘመን ተለውጦ፣ «ተደራጁ፣ ሼድ ውሰዱ» የተባለ ጊዜ ቀድሞ ተደራጀ። አልነቅፈውም፤ ብረት የሚቀጠቀጠው እንደጋለ ነው። ወንድሜም ያኔ ሊደራጅ ሄዶ ነበር፤ አብሮት የሚደራጅ ሰው አላገኘም።

የደመላሽ ልጅ አበጀ ትርንጎን ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ደመላሽ የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃል። ለሥራ ሲቀጥራት የጠየቃት ስለ ኤሌክትሮድ ነበር፤ ለልጁ ሲሆን ስለ አጥንት ጠየቀ። በእኛ አገር ሰው ከመጋባቱ በፊት ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ የሚቆጠረው የሥጋ ዝምድና እንዳይኖር ነው ይባላል። ትርንጎ ላይ ቆጠራው ብዙ አልሄደም። ሁለተኛው ቤት ላይ ቆመ። አባቴ ላይ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ወንድሜ ቤት መጡ። ደመላሽም አብሯቸው መጣ። የወንዱ አባት ከሽማግሌ ጋር መምጣት ወጉ አልነበረም፤ ነገሩ ከልመና ይልቅ ጥገና ስለሆነ ይመስለኛል። ቃሉን የያዙት መሪጌታ ይኄይስ ነበሩ፤ ቅስናም ያላቸው ቅኔ አዋቂ ናቸው፣ አማርኛቸውም እንደ ግዕዛቸው ሰምና ወርቅ አለው።

«እንግዲህ እትዬ» አሉኝ፣ «ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ አበው።»

ልጓሙን የሠራው ማን እንደሆነ ልጠይቃቸው ፈለግኩና ተውኩት፤ ገና አልተቀመጡም ነበር።

ከተቀመጡ በኋላ ሐሳባቸውን አመጡ። የደመላሽ ዘመዶች ከጉና ሥር ለሠርጉ ይወርዳሉ፤ ዘር ሲቆጠር ጆሯቸው ቀጭን ነው። ስለዚህ አባቴ ላይ ሲደረስ «ቀጥቃጭ» አይባል፤ «ከጋፋት ኢንዱስትሪ ባለሙያዎች ወገን» ይባል። ውሸት አይደለም፣ ቤቱም የጋፋት መንገድ ላይ ነበር። የቤቱ ታላቅ እኔ ስለሆንኩ ቃሉ ከእኔ አፍ ይውጣ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም።

«ምን አለበት እትዬ» አለ ወንድሜ፣ ዓይኑን ከምንጣፉ ላይ ሳያነሣ። «ያማረ ስም ነው።»

ያምራል። ክፋቱም ያ ነው። ዕድሜ ልኬን ያነበብኳቸው መጻሕፍት ውስጥ እንኳ ለአንድ ማረሻ ሠሪ እንዲህ ያለ ማዕረግ የሰጠ የለም። ትርንጎ ጓዳው በር ላይ ቆማለች፣ በሁለት እጇ መጋረጃውን ይዛ። እምቢ ካልኩ ጋብቻው ይቀራል፤ ይህን ከአፉ ያወጣው የለም፣ ያልገባው ግን የለም። ልጅቷ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ምን እንድል እንደፈለገች ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም፤ ብዙ አነበብኩ ለምትል ሴት ይህ ያሳፍራል።

«አባቴ ቀጥቃጭ ነበር» አልኩ። «ወገንም ባለሙያም አላውቅም። ማረሻ ይቀጠቅጥ ነበር። የአባትህን ማረሻ ጭምር፣ ደመላሽ።»

ደመላሽ በብየዳ የቀሉ ዓይኖቹን አሻሸ።

«እኔ አልናቅኩም እትዬ» አለ። «ዘመዶቼን ያውቋቸዋል። ብረት የጀመርኩ ጊዜ ለቅሶ ቤት እንኳ አጠገቤ አይቀመጡም ነበር። እበይዳለሁ እንጂ አልቀጠቅጥም ብዬ፣ በመስቀል ምዬ ነው የታረቅኋቸው።»

ይህን ሲል አላፌዘም፤ አዘንኩለት ልል ምንም አልቀረኝም። ያን ጊዜ ትርንጎ ከመጋረጃው ወጣች።

«ጋሼ» አለች፣ «በይደው ሲጨርሱ ቅርፊቱን በምን ነው የሚያራግፉት?»

«የቱን ቅርፊት?»

«ብየዳው ላይ የሚጋገረውን። በየቀኑ አብረን አይደል የምንውለው።»

ደመላሽ መሪጌታን አያቸው፣ ወንድሜን አየው፣ ከዚያ እጁን አየ። «በመዶሻ» አለ።

«ጋሼ፣ መሐላዎ ፈረሰ ማለት ነዋ።»

«አንቺ ልጅ፣ ይህን አፍሽን ለልጄ ነው የምድረው?»

«እሱ ለምዶታል።»

መጀመሪያ የሳሉት መሪጌታ ነበሩ፤ ሳል ያልኩት ስለማከብራቸው ነው። «የመሐላውን ነገር ንስሐ አባቱ ይዩት» አሉ፣ «በእኔ በኩል ቅኔው ሞልቷል።» ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ደመላሽም መጨረሻ ላይ ሳቀ፣ የሚያሳክክ ነገር እንደነካው ሰው። ጉልበቱን መታ መታ አድርጎ «ይቆጠሩ» አለ። «አባታችሁ በስማቸውም በሥራቸውም ይቆጠሩ። ዘመዶቼ ካኮረፉ ያኩርፉ፤ በር ሲያስፈልጋቸው ይመጣሉ።»

ጋብቻው እንዲህ ጸና። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ትርንጎ ፊቷን ወደ ጓዳው መልሳ በነጠላዋ ዓይኗን ስትጠርግ ሳይ የእኔንም ጠረግኩ። እዚህ ላይ ብጨርሰው ለእናንተም ለእኔም ይቀለን ነበር። ግን መሪጌታ ወጉን መጨረስ ነበረባቸው።

«እንግዲህ እትዬ» አሉ መስቀላቸውን እያወጡ፣ «እርስዎም ያለፈውን ሁሉ ይቅር ለእግዚአብሔር ይበሉ፤ መርቀን እንነሣ።»

ደመላሽ ተነሥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። የልቡን ነው፣ አልጠረጠርኩትም። ወንድሜ «ይበሉ እንጂ እትዬ፣ ልጅቷን ያስቧት» አለ።

ልጅቷን አስቤያለሁ። ቀኑን ቁረጡ አልኳቸው፤ ድንኳኑ ውስጥ እቀመጣለሁ፣ የቀረበልኝን እበላለሁ፣ እልልታ ካነሰም ጉሮሮዬ አልደከመም። ይቅርታው ግን የእኔ አይደለም። የተበደለው አፈር ውስጥ ነው፤ ውክልና ሰጥቶኝ አልሄደም።

«ቢሰጥዎስ ኖሮ?» አሉ መሪጌታ።

«አልልም ነበር» አልኩ። «ለደመላሽ አልልም። ለአባቱ አልልም። አባታችንን ለመዝለል ለቸኮለው ወንድሜም አልልም። ይህችም ከተማ ትደግ፣ አትጠብቀኝ።»

ደመላሽ እንዳጎነበሰ ቆየ። አነሣሁት፣ ወገቡን እንዳያመው፤ ይቅር ግን አላልኩትም። ለማንም አላልኩም፤ አልልምም።